በቅዳሜ ከሰዓት የሚሠራ አግዳሚ ወንበር፦ እንጨት ከመግዛት እስከ ቫርኒሽ

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በለገጣፎም ይሁን በሱሉልታ፣ በኮዬ ፈጬም ይሁን በየካ አባዶ፣ አዲስ ቤት የገባ ቤተሰብ ግድግዳውና ጣሪያው ካለቀለት በኋላም የሚጎድለው ብዙ ነው። በረንዳ ላይ የሚቀመጡበት አግዳሚ፣ ጫማ የሚደረደርበት መደርደሪያ፣ የልጆች መጻሕፍት የሚቀመጡበት ጣውላ ሁሉ ተራቸውን ይጠብቃሉ። ይህ መመሪያ ከእነዚህ መካከል አንዱን፣ ለበረንዳ የሚሆን 1 ሜትር ከ20 ርዝመት ያለውን አግዳሚ ወንበር፣ የእንጨት ሥራ ሞክሮ የማያውቅ ሰው በትርፍ ጊዜው እንዴት ሊሠራው እንደሚችል ደረጃ በደረጃ ያስረዳል። አግዳሚውን የመረጥሁት መለካትን፣ መቁረጥን፣ መላግን፣ ማጋጠምንና መቀባትን በአንድ ላይ ስለሚያስተምር ነው፤ እነዚህን የቻለ ሰው መደርደሪያውንም ጠረጴዛውንም መሥራት አይከብደውም።

በትርፍ ጊዜው ብቻ የሚሠራ ሰው ከባለሙያው አናጢ የሚበልጥበት አንድ ነገር አለ፤ እርሱም መጠበቅ መቻሉ ነው። ደንበኛ ደጁ ላይ ቆሞ የሚያጣድፈው አናጢ ገና እርጥበቱ ያልወጣለትን ጣውላ ዛሬውኑ ለመላግና ለማጋጠም ይገደዳል፣ ምክንያቱም ገንዘቡ እንጨት ላይ ታስሮ ሦስት ወር ሊቆይለት አይችልም። በሳምንት አንድ ከሰዓት ብቻ ያለው ሰው ግን እንጨቱን በጥቅምት ገዝቶ እስከ ጥር ቢያስቀምጠው የሚጎዳበት ነገር የለም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው አሠራር በሙሉ የተሰናዳው በዚህ ጥቅም ላይ ነው።

ይህን የተማርሁት ከራሴ ስሕተት ነው። ለገጣፎ አካባቢ ወዳለው ቤታችን በገባንበት ዓመት፣ በነሐሴ ወር፣ ገና ውኃው ያልወጣለት የባሕር ዛፍ ጣውላ ገዝቼ ባለ ሁለት በር ቁም ሣጥን ሠራሁ። በመስከረም በሮቹ ገጥመው ይዘጉ ነበር፤ በታኅሣሥ ግን አንደኛው በር ከላይ በኩል ሁለት ጣት ያህል ወደ ውጭ ተወለገደ፣ በጀርባው ጣውላዎች መካከልም ብርሃን የሚያሳልፍ ክፍተት ተፈጠረ። ኮላው አልለቀቀም፣ ምስማሩም አልተነቀለም፤ የተንቀሳቀሰው እንጨቱ ራሱ ነበር።

ምክንያቱን ማወቅ ከማንኛውም መሣሪያ ይበልጣል። አዲስ የተቆረጠ እንጨት በውስጡ ብዙ ውኃ ይይዛል፤ ውኃው ሲወጣ እንጨቱ ይሸበሸባል፣ የሚሸበሸበውም በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይደለም። በርዝመቱ በኩል መቀነሱ ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ በስፋቱ በኩል ግን ይቀንሳል፣ በግንዱ የዕድሜ ቀለበቶች ዙሪያ የሚቀንሰውም ከልቡ ወደ ቅርፊቱ በሚወስደው አቅጣጫ ከሚቀንሰው በግምት እጥፍ ነው። ጣውላ የሚጎብጠውና የሚወለገደው በዚህ ልዩነት ምክንያት ነው። ከደረቀም በኋላ ቢሆን በክረምት እርጥበት ስቦ ትንሽ ይሰፋል፣ በበጋ ደግሞ መልሶ ይጠብባል፤ ስለዚህ በሥራችን ውስጥ ሁልጊዜ መንቀሳቀሻ ቦታ ልንተውለት ይገባል።

አንደኛ፦ እንጨቱን መምረጥና መግዛት

በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባውና አዲስ አበባን ከማገዶና ከግንባታ እንጨት እጥረት ያዳናት ባሕር ዛፍ በከተማው ዙሪያ በብዛት የሚገኝ፣ ርካሽና ጠንካራ እንጨት ነው። ይሁን እንጂ በተለይ በደጋው የሚበቅለው ነጭ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ጫፎቹ ይሰነጠቃሉ፣ ጣውላውም ክፉኛ ይጣመማል፤ ለአጠና፣ ለማገርና ለወራጅ እንጂ ለጀማሪ የቤት ዕቃ ሥራ አልመክረውም። ለመጀመሪያ ሥራ የሚሻለው የፈረንጅ ጥድ ነው። ሳይጣመም ቶሎ ይደርቃል፣ ለመጋዝም ለመላጊያም የዋህ ነው፣ ሲላግም ደስ የሚል ሽታ አለው። ጉድለቱ ጉጥ የሚበዛበት መሆኑ ነው። በሚገዙበት ጊዜ ጉጦቹ ትንንሽና ከእንጨቱ ጋር የተያያዙ የሆኑትን ይምረጡ፤ ዙሪያው ጠቁሮ የተላቀቀ ጉጥ ያለበትን ጣውላ ይተዉ፣ ውሎ አድሮ ጉጡ ወድቆ ቀዳዳ ይቀራልና።

ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ኮሶና የሐበሻ ጥድ የሚያምሩና የሚከበሩ እንጨቶች ናቸው፤ ነገር ግን ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ በሕግ የተጠበቁ በመሆናቸው ከየት እንደመጡ ሳያውቁ መግዛት ተገቢ አይደለም። እነዚህን በንጹሕ ኅሊና ለማግኘት የሚቻለው ከፈረሱ አሮጌ ቤቶች ነው። የድሮ በር፣ መስኮት ወይም የወለል ጣውላ ለአሥርት ዓመታት የደረቀ ስለሆነ ከማንኛውም አዲስ ጣውላ ይሻላል፤ ነገር ግን መጋዝና መላጊያ ከመንካቱ በፊት የተደበቀ ምስማር እንዳይኖር በማግኔት ተፈትሾ መጽዳት አለበት።

ከፋብሪካና ከመጋዘን አካባቢ የሚሸጠውን የዕቃ መጫኛ ፓሌት ለመጠቀም የሚያስብ ሰው ደግሞ ጎኑ ላይ የተተኮሰውን ማኅተም ያንብብ። ከአገር አገር በሚጓዙ ፓሌቶች ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል «ኤች ቲ» የሚል ከተጻፈ ተባዩ የተገደለው በሙቀት ነው፤ «ኤም ቢ» የሚል ከተጻፈ ግን ሜቲል ብሮማይድ በተባለ መርዛማ ጋዝ የታጠነ ስለሆነ ለቤት ዕቃ አይሁን፣ ለማገዶም ቢሆን አይሁን። ማኅተም የሌለውንና ዘይት ወይም ኬሚካል የፈሰሰበትንም መተው ይሻላል።

ለአግዳሚያችን የሚያስፈልገው ይህ ነው። ለእግሮቹና እግሮቹን ሁለት ሁለት አድርገው በአግድም ለሚያያይዙት መስቀለኞች 5 በ7 ሴንቲ ሜትር የሆነ ባለ 3 ሜትር ሞራሌ (ባለ አራት ማዕዘን ወፍራም እንጨት)፣ ለመቀመጫውና ለጎኖቹ ደግሞ 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረትና ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ባለ 3 ሜትር ሁለት ጣውላዎች። በስሌቱ አንድ ሞራሌ ይበቃል፤ እኔ ግን ሁልጊዜ አንድ ሞራሌ እጨምራለሁ፣ ምክንያቱም ጫፉ ሊሰነጠቅ ወይም ጉጥ መጋጠሚያው ላይ ሊያርፍ ይችላል። መሸጫው ዘንድ እያንዳንዱን ጣውላ በአንድ ጫፍ ከፍ አድርገው በርዝመቱ አሻግረው ይመልከቱ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተጠማዘዘ ጣውላ በመላጊያ አይቃናም። በአንድ አቅጣጫ ብቻ በትንሹ የጎበጠ ግን አጫጭር ሆኖ ሲቆረጥ ጉብጠቱ ስለሚቀንስ ያገለግላል።

ሁለተኛ፦ ማድረቅ

ይህ ደረጃ ድካሙ አነስተኛ፣ ውጤቱ ግን ከሁሉም የላቀ ነው። ጊዜውም ክረምቱ ካበቃ በኋላ፣ ጥቅምት አጋማሽ ላይ ቢጀመር መልካም ነው፤ ከዚያ እስከ ጥር ያለው ደረቅ ነፋስ ሥራውን ይሠራልናል።

ከመሬት ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ከፍ እንዲል አራት ወይም ስድስት ብሎኬት ደርድሮ በላዩ ወፍራም እንጨቶችን በአግድም ማስተኛት ያስፈልጋል። መሬቱ እንደ ኮዬና እንደ አቃቂ ሜዳ ያለ ጥቁር አፈር ከሆነ ከፍታው ይጨመር፤ ያ አፈር እርጥበቱን ለብዙ ጊዜ ይዞ ይቆያል፣ ምስጥም ከሥር ይወጣል። ከዚያም ጣውላዎቹን አንጥፎ በየመካከላቸው 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያላቸው፣ ሁሉም እኩል የሆኑ ቀጫጭን መለያ እንጨቶች በየ40 ሴንቲ ሜትሩ ይደረጋሉ። መለያዎቹ ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ላይ ልክ አንዱ በአንዱ ትይዩ መሆን አለባቸው፤ ይህ ካልተጠበቀ የላይኛው ክብደት የታችኛውን ጣውላ በመካከል ተጭኖ ያጎብጠዋል። በክምሩ ላይ ጥቂት ድንጋይ ወይም ብሎኬት መጫን ጣውላው እየደረቀ እንዳይወለገድ ይረዳል።

የጣውላው ሁለት ጫፎች ከመካከሉ ቀድመው ስለሚደርቁ ይሰነጠቃሉ፤ ይህን ለመከላከል ከቤት ቅብ የተረፈ የዘይት ቀለም ወይም የቀለጠ ሻማ ጫፎቹን መቀባት ይበቃል። ክምሩ በቆርቆሮ ከላይ ይሸፈን፣ ጎኖቹ ግን ለነፋስ ክፍት ይሁኑ። ፀሐይ በቀጥታ እንዳያርፍበት ከቤቱ ጥላ በኩል ይቀመጥ። በፕላስቲክ መጠቅለል ግን እርጥበቱን መልሶ እንጨቱ ላይ ያኖረዋልና ፈጽሞ አይደረግ።

በጋራ መኖሪያ ቤት የሚኖር ሰው ግቢ የለኝም ብሎ ተስፋ መቁረጥ የለበትም። ሁለት ጣውላና ሁለት ሞራሌ ሰገነት ላይ ወይም ከአልጋ ሥር በመለያ እንጨት ተነጣጥለው ሊቀመጡ ይችላሉ። ለመጋዝና ለመላጊያ ሥራ ደግሞ በብዙ የኮንዶሚኒየም ቅጥር ውስጥ ለድግስና ለልብስ እጥበት ተብሎ የተሠራው የጋራ መገልገያ ቤት ብዙ ቀን ባዶ ስለሚሆን፣ የነዋሪዎቹን ኮሚቴ አስፈቅዶ አንድ ከሰዓት መጠቀም ይቻላል።

እንጨቱ መድረቁን በምን እናውቃለን? ባለሙያዎች እርጥበት የሚለካ መሣሪያ አላቸው፤ እኛ ግን ሚዛን ይበቃናል። ከጣውላዎቹ አንዱን በየሁለት ሳምንቱ መዝኖ ክብደቱንና ቀኑን በእርሳስ እዚያው ላይ መጻፍ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ክብደቱ በግልጽ ይቀንሳል፣ ከዚያ አቀናነሱ እየዘገየ ይሄዳል፤ በተከታታይ ሁለት ጊዜ ያው ክብደት ሲመዘገብ ጣውላው ከአካባቢው አየር ጋር ተስማምቷል ማለት ነው። በዚህ ዓይነት 2.5 ሴንቲ ሜትር የሆነው የፈረንጅ ጥድ ጣውላ በበጋ ሁለት ወይም ሦስት ወር ይፈልጋል፤ ወፍራሙ ሞራሌ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። እኔ ይህን የእርሳስ ጽሑፍ እያነበብሁ መጠበቅን ከሥራው ሁሉ አብልጬ ወድጄዋለሁ።

ሦስተኛ፦ በመጠበቂያው ጊዜ መሣሪያ ማዘጋጀት

እንጨቱ እየደረቀ ሳለ መሣሪያ ለማሟላትና ለመሳል በቂ ጊዜ አለ። በከተማው ዳር መብራት በተደጋጋሚ ስለሚቋረጥ ሥራውን በእጅ መሣሪያ ማቀድ ይሻላል፤ ሜትሮ፣ ስኳድራ (የቀጥታ ማዕዘን መለኪያ)፣ እርሳስ፣ የእጅ መጋዝ፣ መላጊያ፣ አንድ ሰፊ መሮ፣ መዶሻ፣ ካቻቪቴና ሁለት ሞርሳ (እንጨት አጣብቆ የሚይዝ መሣሪያ) ይበቃሉ። ትራፓኖ ካለ ጊዜ ይቆጥባል፤ ከሌለ በእጅ የሚሽከረከር መሰርሰሪያ ያው ነው። መርካቶ ምናለሽ ተራ ውስጥ የሚገኙ አሮጌ መላጊያዎችና መሮዎች ብዙ ጊዜ ከአዲሱ ርካሽ ዕቃ የተሻለ ብረት አላቸው፤ ዝገታቸው ይጸዳል፣ የተሰነጠቀ አካል ግን አይጠገንምና ይህን አስተውሎ መግዛት ያስፈልጋል። በግራይንደር ላይ የእንጨት መጋዝ ዲስክ አስሮ መቁረጥ በየሠፈሩ ሲደረግ ይታያል፤ መሣሪያው ለዚያ ስላልተሠራ ከእጅ አምልጦ ፊትና እጅን ክፉኛ ይቆርጣል፣ ስለዚህ ማንም ሰው እንዲሞክረው አልፈቅድም።

ስኳድራው ትክክል መሆኑን ሳይፈትሹ ሥራ አይጀመር። ቀጥ ባለ ጣውላ ጠርዝ ላይ አስደግፎ አንድ መስመር ማስመር፣ ከዚያ ስኳድራውን ገልብጦ በዚያው ነጥብ ላይ ሌላ መስመር ማስመር ነው፤ ሁለቱ መስመሮች ከተጋጠሙ ስኳድራው ጤነኛ ነው፣ ከተለያዩ ግን ይለወጥ።

መሮና መላጊያ ሲገዙ ስለት የላቸውም ማለት ይቻላል። ስለታቸው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ በሚሆን ማዕዘን፣ በውኃ በራሰ ጠፍጣፋ መሳያ ድንጋይ ላይ፣ ማዕዘኑ ሳይለዋወጥ በእርጋታ ይሳላል፤ በጀርባው በኩል ቀጭን ብረት ሲንከባለል በጣት ሲዳሰስ፣ ጀርባውን በድንጋዩ ላይ ለጥ አድርጎ በማሻሸት ያን ማስወገድ ነው። የተሳለ መሮ ወረቀትን ሳይጎትት ይቆርጣል። በሠፈራችን ያሉ አንድ አዛውንት አናጢ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ሩብ ሰዓት ያህል ሲስሉ አያለሁ፤ ቀድሞ ጊዜ ማባከን ይመስለኝ ነበር፣ ዛሬ ግን ደነዝ መሮ ብዙ ኃይል ስለሚያስፈልገው ድንገት ሾልኮ እጅን የሚቆርጠው እርሱ መሆኑን ስለማውቅ ከእሳቸው የወረስሁትን ልማድ አልተውም።

አራተኛ፦ መላግና መለካት

እንጨቱ ሲደርቅ፣ በጥር ወር ገደማ፣ በመጀመሪያው ቅዳሜ የሚሠራው መላግ ብቻ ነው። ጣውላው በቃጫው አቅጣጫ ይላጋል፤ መላጊያው እየቧጠጠና ቃጫውን እየነቀለ የሚሄድ ከሆነ ጣውላውን አዙሮ ከሌላው ጫፍ መጀመር ነው። ሁለት የተላጉ ጠርዞች ጎን ለጎን ተገጥመው በመካከላቸው ብርሃን ካላለፈ ጠርዙ ቀጥ ብሏል።

በመላግ ጊዜ 2.5 የነበረው ጣውላ ወደ 2.2 ሴንቲ ሜትር፣ 5 በ7 የነበረው ሞራሌም ወደ 4.6 በ6.6 ይወርዳል። ከዚህ ቀጥሎ የምሰጣቸው ልኮች በዚህ ላይ የተመሠረቱ ናቸው፤ የእርስዎ ጣውላ ውፍረት ከዚህ ከተለየ ግን በወረቀት ላይ ባለው ቁጥር ሳይሆን በእጅዎ ባለው እንጨት ልክ ያስቡ። የአግዳሚው ከፍታ 43 ሴንቲ ሜትር እንዲሆን እግሩ 43 ሲቀነስ 2.2፣ ማለትም 40.8 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ አራት እግሮች ያስፈልጋሉ። መቀመጫው እያንዳንዳቸው 14 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 120 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ካላቸው ሁለት ጣውላዎች ይሠራል፤ በመካከላቸው 1 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ስለሚተው ጠቅላላ ስፋቱ 29 ይሆናል። ከዚህ የሁለቱ የጎን ጣውላዎች ውፍረት፣ 4.4፣ ሲቀነስ የመስቀለኞቹ ርዝመት 24.6 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ እነርሱም አራት ናቸው። የጎን ጣውላዎቹ ሁለት፣ እያንዳንዳቸው 90 ርዝመትና 10 ስፋት፤ ከታች ለጫማ ማስቀመጫ የሚሆነውም አንድ ጣውላ በዚያው ልክ 90 በ10 ነው።

ከአንድ እንጨት የሚቆረጡ አራት እግሮች አንድ በአንድ በሜትሮ ከሚለኩ ይልቅ የመጀመሪያው በጥንቃቄ ተለክቶ ይቆረጥ፣ ሌሎቹ ሁሉ በእርሱ ልክ ይሰመሩ፤ የመጀመሪያው እግር ላይም «ልክ» ብሎ መጻፍ ከመደናገር ያድናል። ሦስተኛው እግር በሁለተኛው፣ አራተኛው በሦስተኛው ልክ ከተሰመረ ግን ትንሿ ስሕተት እየተደማመረች አግዳሚውን አንካሳ ታደርገዋለች። መጋዙ ራሱ 2 ሚሊ ሜትር ያህል እንጨት ስለሚበላ የሚቆረጠው በመስመሩ ላይ ሳይሆን ከመስመሩ ውጭ፣ በሚጣለው በኩል ነው።

አምስተኛ፦ እግሮቹን ማጋጠም

እያንዳንዱ የአግዳሚው ጫፍ በሁለት እግሮችና በሁለት መስቀለኞች የሚሠራ ቋሚ ነው፤ አንዱ መስቀለኛ ከእግሮቹ አናት፣ ሌላው ከመሬት 12 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይገጠማል። በምስማር ብቻ አጋጥሞ መተው ፈጣን ነው፤ ነገር ግን አንድ ክረምትና አንድ በጋ ካለፈው በኋላ ይወዛወዛል። ስለዚህ ከሁለቱም እንጨት የውፍረቱን ግማሽ እየቀነሱ አንዱን በአንዱ ላይ የማስተኛትን ዘዴ እንጠቀም።

መስቀለኛው በእግሩ ላይ ተደርጎ ስፋቱ በስለታም ቢላ ጫፍ ይሰመር፤ የቢላ መስመር ከእርሳስ ይልቅ ቀጭን ነው፣ ለመሮውም መንገድ ይከፍትለታል። በሁለቱም እንጨቶች ላይ የውፍረቱ ግማሽ፣ 2.3 ሴንቲ ሜትር፣ በጎን በኩል ይሰመራል። ለአናቱ መጋጠሚያ የሁለቱም ጫፍ በመጋዝ ብቻ ሊወጣ ይችላል። ለታችኛው መጋጠሚያ ግን በእግሩ መካከል ጎድጓዳ ቦታ ያስፈልጋል፤ በሁለቱ ዳር መስመሮች ላይ እስከ ግማሽ በመጋዝ ቆርጦ፣ በመካከላቸውም ሁለት ሦስት ጊዜ ደግሞ፣ የቀረውን በመሮ ማውጣት ነው። መሮው ከአንድ ወገን ብቻ ከተገፋ በወዲያኛው ጠርዝ እንጨቱን ገንጥሎ ይወጣልና ከሁለቱም ጎን ወደ መካከል ይሠራ። መጋጠሚያው በእጅ ግፊት ወይም በመዶሻ ቀላል ምት የሚገባ መሆን አለበት። በኃይል የሚገባ ከሆነ እንጨቱን ይሰነጥቃል፤ ልል ከሆነ ደግሞ ነጩ ኮላ ክፍተት ሞልቶ ጥንካሬ አይሰጥም። የመጀመሪያው መጋጠሚያ አለማማሩ የማይቀር ስለሆነ በትርፍራፊ ሞራሌ ላይ ሁለት ጊዜ ተለማምዶ ወደ ዋናው መሄድ ጥሩ ነው።

ኮላ ከመቀባቱ በፊት ሁሉም ነገር በደረቁ ተገጣጥሞ ይታይ። የቋሚው አራት ማዕዘኖች ትክክል መሆናቸው ከጥግ ወደ ጥግ በሰያፍ በመለካት ይረጋገጣል፤ ሁለቱ ሰያፎች እኩል ከሆኑ ማዕዘኖቹ ቀጥ ብለዋል። ነጭ ኮላ በቅዝቃዜ በደንብ አይዝም፤ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ አንዳንዴም በጥር፣ በዳርቻው ሌሊቱና ማለዳው ብርቱ ብርድ ስለሆነ ኮላው እኩለ ቀን ላይ ተቀብቶ ዕቃው ቤት ውስጥ ይደር። ሞርሳ ያልበቃው ሰው ቋሚውን በገመድ ዙሪያውን አስሮ በገመዱ መካከል አጭር ዱላ አስገብቶ በማጠንጠን ያንኑ ያህል ሊያጠብቀው ይችላል። የወጣው ትርፍ ኮላ ወዲያው በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ፤ ከደረቀ ቫርኒሹን ስለማይቀበል ነጭ ጠባሳ ሆኖ ይታያል። ኮላው ሙሉ ጥንካሬውን እስኪያገኝ አንድ ሙሉ ቀን ይተው፤ ደግነቱ ቀጣዩ የሥራ ቀን የሚመጣው ከሳምንት በኋላ ነው።

ስድስተኛ፦ አግዳሚውን ማቆም

ሁለቱ ቋሚዎች ተነጥለው ከቆሙ በኋላ የጎን ጣውላዎቹ በእግሮቹ ውጫዊ ገጽ ላይ፣ አናታቸው ከእግሩ አናት ጋር እኩል ሆኖ፣ በኮላና በየእግሩ በሁለት የእንጨት ብሎን ይታሰራሉ። ሁለቱ ብሎኖች በአንድ የቃጫ መስመር ላይ ከዋሉ እግሩ ሊሰነጠቅ ስለሚችል በትንሹ ይለያዩ። ብሎን ሁሉ ቀድሞ ይበሳለት፤ ለ4 ሚሊ ሜትር ብሎን በፈረንጅ ጥድ 2.5 ሚሊ ሜትር፣ በባሕር ዛፍ ደግሞ 3 ሚሊ ሜትር የሆነ ፑንታ (የመሰርሰሪያ ጫፍ) ይሆናል። ብሎኑን ሳሙና ላይ ማሸት መግባቱን ያቀልላል። የጫማ ማስቀመጫው ጣውላ በታችኞቹ መስቀለኞች ላይ ተኝቶ ከላይ ይታሰራል፤ ለጫማ ከማገልገሉም በላይ አግዳሚው በርዝመቱ እንዳይወዛወዝ ይይዘዋል።

የመቀመጫ ጣውላዎቹን ከማሰር በፊት ጫፋቸውን ይመልከቱ። የዕድሜ ቀለበቶቹ እንደ ቀስት ይታያሉ፤ ጣውላ ሲጎብጥ የቀስቱ ጀርባ፣ ማለትም ወደ ቅርፊቱ የነበረው ገጽ፣ ጎድጎድ ይላል። ስለዚህ ወደ ልቡ የነበረው ገጽ ወደ ላይ ከሆነ ጣውላው ቢጎብጥ እንኳ መካከሉ ከፍ ብሎ ውኃ አይቋጥርም። ጣውላዎቹ ከቋሚዎቹ በየጫፉ 15 ሴንቲ ሜትር አልፈው ይወጣሉ፤ እያንዳንዱ በየመስቀለኛው ላይ በሁለት ብሎን ብቻ፣ ኮላ ሳይቀባ ይታሰራል። በዚህ ቦታ ኮላ የማይገባው ጣውላው ከክረምት ወደ በጋ አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር መስፋትና መጥበብ ስላለበት ነው፤ ያ 1 ሴንቲ ሜትር ክፍተትም ለዚሁ የተተወ ነው። የእኔን ቁም ሣጥን ጀርባ ያበላሸው ይህን አለማወቄ ነበር።

አግዳሚው ተሠርቶ መሬት ላይ ሲቆም አንዱ እግር ከተንሳፈፈ መጀመሪያ ወለሉን በውኃ ልክ ይፈትሹ፤ ጥፋቱ የወለሉ ሆኖ ሳለ እግር የቆረጠ ሰው ሌላ እግር መቁረጡ አይቀርም። ጥፋቱ የእግሩ ከሆነ ረጅሞቹ በመላጊያ ወይም በብርጭቆ ወረቀት ትንሽ በትንሽ ይቀነሱ።

ሰባተኛ፦ ማለስለስና መቀባት

በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ተጀምሮ በ120 አልፎ በ180 ይጨረስ፤ ሁልጊዜ በቃጫው አቅጣጫ ነው፣ በአግድም የተሻሸ ጭረት ቫርኒሽ ሲቀባ ጎልቶ ይወጣልና። ጠርዞቹ በትንሹ ይለዝቡ፣ በተለይ ልጆች ባሉበት ቤት። ከመጨረሻው በፊት ዕቃውን በእርጥብ ጨርቅ አብሶ ማድረቅና የቆመውን የቃጫ ጸጉር እንደገና በ180 ማሻሸት ገጹን እንደ ሐር ያደርገዋል። ብናኙን ላለመተንፈስ አፍና አፍንጫን በጭምብል መሸፈን ያስፈልጋል።

ለቅቡ ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያው ቫርኒሽ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ዙር በአኳራጅ (በቅብ ማቅጠኛ ፈሳሽ) ትንሽ ቀጥኖ ይቀባል፣ ወደ እንጨቱ እንዲሰርግ፤ ቀጥሎ ሁለት ወይም ሦስት ቀጫጭን ዙሮች፣ በየመካከሉ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት እየተሻሸ። በቀጥታ ፀሐይ ውስጥ ከተቀባ ላዩ ቀድሞ ይደርቅና ይቆጣል፤ ነፋስ ባለበት ከሰዓትም የመንገድ አቧራ ይለጠፍበታል፣ ስለዚህ ጠዋት ጥላ ውስጥ ቢሆን ይመረጣል። ሁለተኛው የተልባ ዘይት ነው፤ ለመድረቅ ብዙ ቀን ይፈልጋል፣ ነገር ግን እንጨቱን የሚያሞቅ ቀለም ይሰጠዋል፣ በየዓመቱም በቀላሉ ይታደሳል። ለዚህ የተለመደውን የምግብ ዘይት መተካት አይቻልም፤ አብዛኛው የምግብ ዘይት በትክክል ስለማይደርቅ ልብስ ላይ የሚያጣብቅ ገጽ ይተዋል። የተቃጠለ የሞተር ዘይትም ለአጥር ቋሚ ይደረግ እንደሆነ እንጂ ሰው ለሚቀመጥበት ዕቃ አይገባም።

ስለ ተልባ ዘይት አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ዘይቱ የነካው ጨርቅ ተጨብጦ ጥግ ላይ ከተጣለ ዘይቱ ሲደርቅ በሚፈጥረው ሙቀት ያለ ማንም ሰው እጅ ራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ጨርቁን ወዲያው ውኃ ውስጥ መንከር ወይም ደጅ ዘርግቶ ማድረቅ ይገባል። ፍቅፋቂና ሰጋቱራ ባለበት ክፍል ውስጥ ደግሞ ይህ ጥንቃቄ እጥፍ ነው።

የእግሮቹ ታችኛ ጫፍ እንዳይረሳ። የእንጨት ጫፍ እንደ ቀሰም ውኃ ስለሚስብ እግሩን ገልብጦ እስኪጠግብ ደጋግሞ ቅቡን ማጠጣት ያስፈልጋል። በረንዳው ሲሚንቶ ካልሆነ አግዳሚው በቀጥታ አፈር ላይ አይቁም፤ ከየእግሩ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ማድረግ ከብስባሽም ከምስጥም ያርቀዋል።

ስለ ጎረቤት አንድ ቃል ልጨምር። መጋዝና መዶሻ ከግድግዳ ወዲያ ሲሰማ ሌላ ነው። በእሑድና በበዓል ጠዋት አለመሥራት፣ በሠፈሩ ለቅሶ ድንኳን በተተከለ ቀን ደግሞ መዶሻ አለማንሳት በእኛ ዘንድ የታወቀ ነው፤ ጸጥታ የሚፈልግ ቀን ሲያጋጥም እንደ መሳልና እንደ መለካት ያለውን ድምፅ የሌለውን ሥራ መሥራት ይቻላል። ፍቅፋቂው እንጀራ ለሚጋግር ቤት ለእሳት ማቀጣጠያ ስለሚሆን ሰብስቦ መስጠት ጥሩ ልማድ ነው፤ እኛ ዘንድ ጎረቤቶች ቅዳሜ ከሰዓት ማዳበሪያ ጆንያ ይዘው ይመጣሉ።

አግዳሚው ካለቀ በኋላ በዓመት ሁለት ጊዜ መታየት አለበት። በመስከረም፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ በእግሮቹ ሥርና በመጋጠሚያዎቹ ላይ የጠቆረ ወይም የለሰለሰ ቦታ እንዳለ በጣት እየጫኑ መፈተሽ፤ በጥር ደግሞ እንጨቱ በደረቀበት ሰዓት የላሉትን ብሎኖች በካቻቪቴ ማጥበቅና የተላጠውን ቅብ በ180 ቁጥር አሻሽቶ አንድ ዙር መቀባት ነው። ብሎኖቹን በክረምት አያጥብቁ፤ እንጨቱ በእርጥበት ተነፍቶ ሳለ ከመጠን በላይ የተጠበቀ ብሎን የጣውላውን ገጽ ያደቅቀዋል፣ በጋ ሲመጣና እንጨቱ ሲጠብብ ደግሞ ከበፊቱ የበለጠ ይላላል።